እግርህን ከፍሬን ላይ እንዳታነሳ

መኪና ሥር ተንጋሎ የሚሠራ ሰው ከዓለም የሚያየው እግር ብቻ ነው። እኔም በዚህ ሙያ እግር አዋቂ ሆኛለሁ። የቸኮለውን፣ የሰከረውን፣ ሊጨቃጨቅ የመጣውን ሁሉ ከኮቴው እለየዋለሁ። የዛሬው እግር ግን ሥራ አላሠራ አለኝ። ከግቢው በር እስከ ደረጃው ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ጎማው አጠገብ ይቆማል፣ የሆነ ነገር ሊናገር እንደፈለገ ሰው ተረከዙን ከፍ ያደርግና ደግሞ ይሄዳል። ቡናማ ጫማ ነው፤ የግራው ማሰሪያ ሁልጊዜ ይፈታበታል። ሰው ሁሉ ዶክተር የሚለው፣ እኔ ግን ገና ጥርሱ ሳይነቀል ጀምሮ የማውቀው የቤቱ እመቤት የእትዬ ልጅ ነው።

«ብዙ ይቀርሻል?» አለኝ ከላይ።

«እስኪያልቅ ድረስ ነው፣ ዶክተር።»

እግሩ ቆመ። «ደግሞ ዶክተር ማለት የጀመርሽው ምን አጥፍቼ ነው?»

«እርስዎ ምን ያጠፋሉ» አልኩትና ቁልፌን አነሳሁ። ወዲያው ወለሉ ላይ አመለጠኝ።

ነገሩን ለማያውቅ ልንገረው። አባቴ የዚህ ቤት ሾፌር ነበር። የቤቱ ጌታ በሞቱ ጊዜ ይህችን ትልቅ የናፍጣ መኪና ትተው ሄዱ፤ አባቴም ጉልበቱ እምቢ እስኪለው ድረስ እትዬን አመላለሰባት። እኔ ልጅ ሆኜ ከእግሩ ሥር ስርመሰመስ የወደቀ ቡሎን ባየሁ ቁጥር ኪሴ እከተው ነበር፤ ልብሴ ሲታጠብ ኪሴ ይንኳኳል። «ቡሎን» ብሎ ስም ያወጣልኝ ያ ጫማው የሚፈታበት ልጅ ነው። እስከ ዛሬም ግቢው በሙሉ የሚጠራኝ በዚሁ ነው። እትዬ «የባሌን መኪና ሰው ግቢ አላሳድርም» ስለሚሉ፣ መኪናዋ ስትታመም ዕቃዬን ተሸክሜ የምመጣው እኔ ነኝ።

ትናንት ደወሉልኝ። «ልጄ ሩቅ ሊሄድ ነው» አሉኝ። «ዳገት የበዛበት መንገድ ነው አሉ። ካምቢዮውን እይልኝ፤ ዘይቱን ለውጪ። ነገ ውለሽ ጨርሽው፣ በማግስቱ ማለዳ ይነሳል።»

የሰማሁት እንዲህ ነው። ከእሱ አፍ አይደለም፤ ከእናቱ፣ ከካምቢዮ ጋር ተደባልቆ። ስልኩን ዘግቼ ቆሜ ቀረሁ። አባቴ «ምን ሆንሽ?» ሲለኝ «ካምቢዮ» አልኩት። እሱም አላመነኝም።

የአውቶማቲክ ካምቢዮ፣ ማርሹን በራሱ የሚቀያይረው ሳጥን፣ ዘይቱ አይለወጥም የሚሉ ሰዎች አሉ። እነዚያ መኪናቸውን ነገ የሚሸጡ ናቸው። ዘይቱ ያረጃል፤ አሮጌውን አፍስሶ፣ ዘይቱ የሚጠራቀምበትን ጠፍጣፋ የብረት ሳህን ፈትቶ፣ ዘይቱን የሚያጣራውን ፊልትሮ ለውጦ፣ አዲስ ዘይት መሙላት ያስፈልጋል። እኛ ሳህኑን ኮፓ እንለዋለን። አራቱንም ጎማ ከመሬት አንስቼ መኪናዋን በብረት እግሮች ላይ አቁሜያታለሁ። ዘይቱ ጠቁሮ ወረደ፤ የተቃጠለ ግን አይሸትም። ኮፓውን ፈትቼ ወደ ብርሃን አወጣሁት።

ኮፓው ወለል ላይ አራት ትናንሽ ክብ ማግኔቶች ተለጥፈዋል። ሥራቸው ከማርሹ የሚፋቀውን የብረት ብናኝ መያዝ ነው። የያዙት ነገር እንደ ጭቃ ለስላሳ ከሆነ ዕድሜ ነው፤ አያስፈራም። ስንጥር ከተገኘበት ግን ካምቢዮው ከውስጥ እየተበላ ነው፤ የትም አያደርስም። ጭቃውን በሁለት ጣቴ አሸሁት። ልስልስ ያለ ነው፤ አንድም የሚወጋ የለበትም። መኪናዋ ጤነኛ ናት። ደስ ሊለኝ ሲገባ ጭቃውን ደግሜ አሸሁት።

«ምን ይላል?» አለኝ ዶክተሩ፣ እንደ በሽተኛ ቤተሰብ እጁን አጣምሮ።

«ታጥቦ ይታያል» አልኩት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። አውቃለሁ እንጂ።

ማግኔቶቹን ጠርጌ ደረጃው ላይ በነጭ ጨርቅ ደረደርኳቸውና ኮፓውን ላጥብ ወደ ቧንቧው ሄድኩ። ስመለስ ከአራቱ ሦስቱ ብቻ አሉ። ጨርቁን አራገፍኩ። ኪሶቼን ሁሉ ገለበጥኩ፤ ከአንድ ዝገት ከበላው ቡሎን በስተቀር ምንም የለም። እሱም ተንበርክኮ ከደረጃው ሥር ይፈልግልኝ ጀመር። ራሳችን ሊጋጭ ሲል ሁለታችንም ቀና አልን፤ ዓይኑ ዓይኔ ላይ አረፈና ለመነሳት ዘገየ።

«ያለሷ አይሄድም?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ይሄዳል። ብናኙን የሚይዝለት ስለሚጎድል ግን ውሎ አድሮ ይጎዳል።»

«እኔም እንደዚያው ነኝ ማለት ነው።»

«እንዲህ ዓይነቱን ወሬ ሐኪም ቤት ነው የሚያስተምሯችሁ?» አልኩት። ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። እኔም አልሆነልኝም። «ለምንድነው ያልነገርከኝ?»

እርስዎ ማለቱ የት እንደገባ እንጃ።

«ነግሬሽ ነበር» አለኝ። «ከመኪናዋ አጠገብ ቆመን፣ ሩቅ ብሄድ አብረሽኝ ትመጫለሽ ወይ አልኩሽ። አንቺ ደግሞ የእናትህን መኪና ማን ይሠራል ብለሽ ሳቅሽ። እኔም በማግስቱ የሩቁን ሥራ ውል ፈረምኩ።»

ያን ቀን አስታውሰዋለሁ። እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነው የጠየቀኝ። እንደዚያ ሆኖ የሚጠይቅ ሰው ሲቀልድ እንጂ መቼ ከልቡ ነው?

«ቡሎን!» አሉ እትዬ በወጥ ቤቱ መስኮት። «ነይ እጅሽን ታጠቢ፤ ሻይሽ ቀዘቀዘ።» ተነሳሁ። እሱ እንደተንበረከከ ቀረ። ጀርባዬን እያየ እንደሆነ ዞር ሳልል ተሰማኝ።

ወጥ ቤት ስገባ እትዬ ፍሪጁ አጠገብ ቆመዋል። ዓይኔ እጃቸውን ተከትሎ ሄደ። ማግኔቷ እዚያው ናት፤ ፍሪጁ በር ላይ፣ ከመድኃኒት ማስታወሻቸው ጎን፣ ልጥፍ ብላ።

«አየሻት?» አሉኝ።

«አየኋት፣ እትዬ።»

«ያነሳኋት እኔ ነኝ። ማኖሪያ ሳጣ እዚህ ተጣበቀች፤ ሌባ እንኳ መሆን አልቻልኩም።» ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ወዲያው ተነሱ። ጠዋቱን ሙሉ እንዲህ ናቸው፤ መስኮት ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ የታጠበ ሳህን ያጥባሉ። «አንድ ልጅ ነው ያለኝ። አባቱ ከዚህ በር ሲወጣ አሁን እመለሳለሁ ብሎኝ ነበር፤ ማታ ሬሳውን አመጡልኝ። ይሄኛው ደግሞ ልብሱን አጥፎ፣ ሻንጣውን ደርድሮ፣ እያሳየኝ ነው የሚሄደው። የትኛው እንደሚብስ እኔ አላውቅም።»

ሻዩን አነሳሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት።

«ስሚኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እዚያ የሚሠራው ከአንዱ ጤና ጣቢያ ወደ ሌላው እየዞረ ነው። መኪና ካልያዘ ቦታውን ለሌላ ይሰጡታል። ካምቢዮው አልቋል በይው። አይሠራም በይው። አንቺን ያምንሻል።»

«እትዬ…»

«አልጨረስኩም። ዓይን የለኝም እንዴ? እሱ አንቺን እንዴት እንደሚያይ አይቻለሁ፤ አንቺም ስትመጪ ፀጉርሽን አስተካክለሽ መኪና ሥር እንደምትገቢ አይቻለሁ። አልዋሽሽም፣ ድሮ ቢሆን የሾፌር ልጅ ናት ብዬ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመው ነበር። አሁን ግን ይቅርልኝ እንጂ ውሰጂው። አፌን አልከፍትም።»

እስከዚያች ደቂቃ የእኔ ነገር ላም አለኝ በሰማይ ነበር። አሁን ላሟ ወርዳ ደጄ ላይ ቆመች። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚፈለገው። ስንጥር ተገኝቷል ብል ማን ያውቃል? ጭቃውን ያየሁት እኔ፣ ያሸሁት እኔ፣ ጠርጌ የጣልኩት እኔ። ነገም ከነገ ወዲያም ያ ቡናማ ጫማ በዚህ ግቢ ይመላለሳል።

ማግኔቷን ከፍሪጁ ላይ ላቅቄ አነሳኋት። ከባድ አይደለችም፤ ለመላቀቅ ግን ጉልበት ትጠይቃለች።

«ምን ልትይው ነው?» አሉኝ ከኋላዬ።

«አላውቅም፣ እትዬ» አልኩ። እውነቴን ነበር። ማግኔቷን በመዳፌ ይዤ ደረጃውን ወረድኩ።

«ከየት ተገኘች?» አለኝ ሲያያት።

«ኪሴ ውስጥ ነበረች።»

ኪሴን ስገለብጥ ቆሞ አይቶኛል። ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ቀና አለ፣ መልሶ እኔን አየኝ። ለእናቱ ስል ያን ያህል ዋሸሁ። ቀሪውን ገና አልወሰንኩም።

ፊልትሮውን ለወጥኩ። ማግኔቶቹን በየምልክታቸው መለስኩ። የኮፓ ቡሎን በአንድ ጊዜ አይጠብቅም፤ አንዱን ትንሽ፣ ከእሱ ትይዩ ያለውን ትንሽ እያሉ ነው፣ አለዚያ በአንድ ወገን ያፈሳል። አጠብቃለሁ፣ አስባለሁ። እለዋለሁ። አልለውም። እለዋለሁ። አልለውም። የመጨረሻዋ ቡሎን ስትጠብቅ የቀረልኝ ዘይት መሙላት ብቻ ነበር። አዲሱ ዘይት ቀይ ነው፣ ያምራል። እሱን ስሞላ አንድ ጠብታ አላፈሰስኩም።

ዘይቱ ልክ መሆኑ የሚታወቀው ሞተሩ እየሠራ ነው። ይህን ሥራ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን አይወጣውም፤ አንዱ ከላይ ማርሹን ያንቀሳቅሳል፣ አንዱ ከታች ያያል።

«ግባና አስነሳ» አልኩት። «እግርህን ፍሬን ላይ አድርግ። ጎማዎቹ አየር ላይ ናቸው። ተው እስክልህ እንዳታነሳ።»

ገባ። ሞተሩ ተነሳ። እኔም ተንጋልዬ ከሥር ገባሁ።

«ኋላ ማርሽ!» አልኩ። ማርሹ ገባ፤ መኪናዋ ትንፋሽ እንደዋጠ ሰው ቀጥ አለች። «ፎሌ! ድራይቭ! መልሰህ ፓርክ!» አንዱም ማርሽ አልነጠቀ፣ አልዘገየም። ከዚህ በኋላ ዘይቱ ሞቅ እስኪል መጠበቅ ነው።

«ፓርክ ላይ ነው» አለ ከላይ። «እግሬን ላንሳ?»

«እንዳታነሳ!»

እውነቱን ለመናገር ፓርክ ላይ የገባ መኪና ካምቢዮው ራሱ ስለሚቆልፈው ፍሬን ላይ እግር አያስፈልገውም። የፈለግሁት እሱ ከተቀመጠበት እንዳይወርድና ፊቴን እንዳያየኝ ነው።

«ቡሎን።»

«አቤት።»

«ካምቢዮው ምን ሆነ? እስካሁን አልነገርሽኝም።»

በናፍጣ ሞተር ሥር ሹክሹክታ የለም። የሚባለው ነገር ሁሉ በጩኸት ነው የሚባለው፤ የልብ ምስጢርም ቢሆን። የወጥ ቤቱ መስኮት ደግሞ ክፍት ነው። እትዬ መስኮቱን እንደተደገፉ ሳላይ አወቅሁ። አልቋል የሚለው ቃል ምላሴ ላይ መጥቶ ተቀመጠ።

«ጤነኛ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «የትም ዳገት ይወጣል። ነገ ያደርስሃል።»

ሞተሩ ብቻ ያጓራል።

«ደስ አላለህም?»

«አንቺስ?»

«እኔማ አልቋል ልልህ ነበር! አፌ ላይ ደርሶ ነበር!»

«ለምን ተውሽው?»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳልባል! በውሸት አስቀርቼህ ምን ላደርግህ ነው? ዳገት ባየህ ቁጥር እዚያ የሚጠብቅህን በሽተኛ ታስባለህ። እኔ አንተን ባየሁ ቁጥር ይሄን ኮፓ አስባለሁ። ከጎኔ ሆነህ ከምትጠፋኝ ሄደህ ብትናፍቀኝ ይሻለኛል!»

«ለምን ሳቅሽብኝ ታዲያ?»

«ግድግዳ እያየህ ጠየቅኸኛ! ቀልድ መሰለኝ። እኔ የሾፌር ልጅ ነኝ፤ ቅባት ከጥፍሬ አይወጣም። እንዳንተ ያለ ሰው አብረሽኝ ነይ ሲለኝ ካልሳቅሁ ምን ላድርግ? ላልቅስ? ሰው አንዴ ቢሳቅበት እኮ መልሶ ይጠይቃል! ሄዶ አይፈርምም!»

«እንግዲያው መልሼ ልጠይቅሽ።»

መኪናዋ ነቅነቅ አለች። «እግርህን!» አልኩት። «እግርህን እንዳታነሳ አላልኩህም?»

«አላነሳሁም። እየተንቀጠቀጠብኝ ነው። አብረሽኝ ትመጫለሽ? ግድግዳ አላየሁም አሁን። ወለሉን ነው የማየው። ከሥሩ አንቺ አለሽ።»

አልሳቅሁም። ተንጋሎ የሚያለቅስ ሰው እንባው የሚገባው ጆሮው ውስጥ ነው፤ ይህን ያወቅሁት ዛሬ ነው። እጄ ዘይት ነክቶታል፣ መጥረግም አልችልም።

«እመጣ ነበር» አልኩት።

«ነበር?»

«አባቴን ለማን ትቼ? ደረጃ አይወጣ፣ ያን መንገድ አይችል። ያለ እኔ ማን አለው?»

ይህ በፍቅር የሚፈታ ነገር አይደለም። ዘይቱ ሞቋል። የመፈተሻውን ቀዳዳ ክዳን፣ ታፖውን፣ ፈታሁት፤ ትርፉ መጀመሪያ ወረደ፣ ቀጥሎ ቀጭን ክር ሆነ። ክር ሲሆን ልክ ነው። ታፖውን መልሼ አጠበቅሁ። ሥራዬ አለቀ፤ ከዚህ በላይ የማቆይበት ምክንያት አልነበረኝም።

«አጥፋው» አልኩት።

ናፍጣ ሲጠፋ ግቢው ጭር ይላል። በዚያ ጭርታ ውስጥ ከጎማው አጠገብ እግር አየሁ። ቡናማው አይደለም። የእትዬ የቤት ጫማ ነው። መቼ እንደመጡ አልሰማሁም።

«ኪሷ ውስጥ አልነበረችም» አሉ ለልጃቸው። «የሰረቅኋት እኔ ነኝ። ዋሺልኝ ብዬም የለመንኳት እኔ ነኝ። ይኸው እኔን ለመሸፈን ዋሸች፤ ስለ መኪናው ግን አልዋሸችህም።»

እሱ የሆነ ነገር ሊል ጀመረ። «ዝም በል» አሉት። ቀጥለው ጎንበስ ብለው ለእኔ ተናገሩ፤ ፊታቸው አይታየኝም፣ ድምፃቸው ብቻ ወረደልኝ። «አባትሽ ሻዩን አሁንም ያለ ስኳር ነው የሚጠጣው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«የታችኛው ክፍል ባዶውን ተቀምጧል። ደረጃ የለውም፤ ለጉልበቱ ይመቸዋል። ያን ሁሉ ዘመን እኔን ጠብቆ በር ላይ ሲቆም ኖረ፤ አሁን ትንሽ እኔ ብጠብቀው ምን አለበት?»

«ሰው ምን ይላል?» አልኩ፤ ሌላ የምለው ጠፋኝ።

«እስከ ዛሬ ሲል የኖረውን ይበላ።»

«አባቴ እሺ አይልም።»

«ይላል። እኔ ጠርቼው እንቢ ብሎ አያውቅም። ነገ እሱ ይሂድ። አንቺ አባትሽን አምጥተሽ፣ አስለምደሽልኝ፣ ትከተይዋለሽ። እኔና አባትሽም እንግዲህ በየማታው ስለ እናንተ የምንጨቃጨቀው ሰው አናጣም።» የቤት ጫማቸው ዞረ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ። «ቶሎ ውጪ እንጂ፣ ልጄ። ወለሉ ይበርድሻል።»

ልጄ ብለውኝ አያውቁም።

የመኪናው በር ተከፈተ። ቡናማው ጫማ መሬት ረገጠና ከፊቴ ቆመ፣ የግራው ማሰሪያ ተፈቷል።

«ፓርክ ላይ እግር እንደማያስፈልግ አውቅ ነበር» አለኝ። «መንዳት ያስተማረኝ አባትሽ ነው።»

«ታዲያ ለምን አላነሳህም?»

«እንዳታነሳ ብለሽኛላ።»

እጄን ከመኪናው ሥር አውጥቼ ማሰሪያውን ያዝኩት። ዘይቱ ጫማው ላይ ቀይ ምልክት ተወ። አልጠረግሁትም። ማሰሪያውን በሁለት ቋጠሮ አጥብቄ አሰርኩት፣ እሱም እስክጨርስ ድረስ አልተንቀሳቀሰም።